ከልደት እስከ 5 ዓመት፦ በአሜሪካ የእድገት መዘግየትና የአካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት የሚሰጠው ድጋፍ

በአሜሪካ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ አይጠብቅም። ሥርዓቱ የቆመው አይዲያ በተባለው የፌዴራል ሕግ ላይ ነው፤ መሠረቱ በ1975 እ.ኤ.አ. ተጥሎ በ1986ቱ ማሻሻያ ጨቅላ ሕፃናትንም አካቷል። የሕጉ ፓርት ሲ ከልደት እስከ 3ኛ ዓመት ልደት፣ ፓርት ቢ ከዚያ በኋላ ይሠራል።

ለፓርት ሲ የሐኪም ወረቀት ግዴታ አይደለም፤ ወላጅ ራሱ ደውሎ ማመልከት ይችላል። ጥያቄው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተገምግሞ፣ ብቁ ከሆነ አይ ኤፍ ኤስ ፒ የሚባለው የቤተሰብ ዕቅድ የሚዘጋጅበት ስብሰባ መካሄድ አለበት። ግምገማው ነፃ ነው፤ ለአንዳንድ አገልግሎት ግን እንደ ግዛቱና እንደ ገቢው ክፍያ ሊኖር ይችላል። አገልግሎቱን የምትሰጠው ባለሙያ ወደ ቤት ወይም ወደ ሕፃናት መዋያ ትመጣለች። ዋና ሥራዋ ወላጆችን ማሠልጠን ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻውን ብዙም አይለውጥም፤ ለውጡ የሚመጣው በምግብ፣ በገላ መታጠቢያና በልብስ ሰዓት ቤተሰቡ በሚደጋግመው ነው።

ብዙ ልጆች የሚወድቁት 3 ዓመት ሲሞላቸው ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። የሽግግሩ ስብሰባ ከልደቱ ቢያንስ 90 ቀን በፊት መደረግ ይኖርበታል፤ በልደቱ ዕለት ደግሞ አይ ኢ ፒ የሚባለው የትምህርት ዕቅድ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ልደቱ ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ከዋለ ወላጅ ቀደም ብሎ ይጠይቅ። ሜሪላንድ ቤተሰቡ ከፈለገ ከ3 ዓመት በኋላም በቀድሞው ዕቅድ እንዲቀጥል ትፈቅዳለች።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ትልቁ ጉዳይ ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲፈተን፣ ችግር የሌለበት ዘገምተኛ ይባላል፤ በእርግጥ የዘገየው ደግሞ «እንግሊዝኛ ሲለምድ ይስተካከላል» ተብሎ ይታለፋል። እውነተኛ የንግግር መዘግየት በአማርኛውም ይታያል። ስለዚህ ከግምገማው በፊት ልጁ በቤት ምን እንደሚል፣ «ጫማህን አምጣ» ሲባል በእጅ ሳይጠቆምለት ያመጣ እንደሆነ መጻፍ ይጠቅማል። ቃል መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ «ስጪኝ» ያለ ልጅ አድራጊዋንም ተቀባዩንም በአንድ ቃል ተናግሯል። ሕጉ በተቻለ መጠን ልጁ በሚችለው ቋንቋ እንዲገመገም፣ ለወላጅም ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ በነፃ እንዲቀርብ ያዛል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ማስተርጎም የለባቸውም። አማርኛ አቁሙ የሚል ምክር መሠረት የለውም፤ ሁለት ቋንቋ መስማት መዘግየት አያመጣም፣ ማቆም ግን ልጁን ከወላጆቹና ከአያቶቹ ይለያል።

በ1965 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሄድ ስታርት የተባለው የፌዴራል የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ከቦታዎቹ ቢያንስ 10 በመቶውን በአይዲያ ድጋፍ ለሚገባቸው ልጆች እንዲያውል ይጠበቅበታል፤ ልጁ በገባ በ45 ቀን ውስጥም የእድገት ማጣሪያ ያደርጋል።

ክፍል ውስጥ ዕቅድ የሚከሽፈው ባብዛኛው ግቡ ስለማይለካ ነው። «መግባባቱ ይሻሻላል» ምንም አያሠራም። «በመክሰስ ሰዓት ከ5 ጊዜ 4ቱን በቃል ወይም በሥዕል ተጨማሪ ይጠይቃል» ቢባል ግን መምህሯ ብስኩቱን አንድ አንድ እየሰጠች ልታለማምደውና ልትመዘግብ ትችላለች። ሁልጊዜ ለብቻው ክፍል እየተወሰደ የሚማር ልጅ የተማረውን ከጓደኞቹ መሃል ለመጠቀም ይቸገራል። እግሩ ወለል የማይነካ ልጅ ደግሞ ሰውነቱን ለመደገፍ ሲታገል እጁ ለሥራ ነፃ አይሆንም፤ ከእግሩ ሥር ጠንካራ ሳጥን ማስቀመጥ ብዙ ያግዘዋል።

ወላጅ ዕቅዱን በስብሰባው ዕለት እንዲፈርም አይገደድም፤ ያለ እርሱ የጽሑፍ ፈቃድም የመጀመሪያው የልዩ ትምህርት አገልግሎት አይጀመርም። ትምህርት ቤቱ የወላጁን ጥያቄ ካልተቀበለ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። በግምገማው ያልተስማማ ወላጅ በመንግሥት ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል፤ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱም ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ግምገማ ትክክል መሆኑን ዱ ፕሮሰስ በሚባለው የአቤቱታ ችሎት ያስረዳል።