ካሜራ ፍጥነትን የሚያውቀው እንዴት ነው?

በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስንወርድ ባለታክሲው ምሰሶ ላይ ካሜራ አየና ፍሬኑን ረገጠ። «አንዴ ፎቶ ካነሳኝ ፍጥነቴን ያውቃል» አለ። አንድ ፎቶ ግን ቆሞ የነበረውንና ሲበር የነበረውን መኪና እምብዛም አይለይም። ራዳር ሌላ ነገር ነው፤ የላከው ሞገድ ከመኪናው ነጥሮ ሲመለስ የሚያሳየውን ለውጥ ይለካል። ካሜራ ብቻውን ሲሆን የሚይዘው ርቀትንና ጊዜን ነው።

አስፋልቱ ላይ በ10 ሜትር ልዩነት ሁለት መስመሮች አሉ እንበል። ካሜራው በሰከንድ 25 ምስሎች ያነሳል። የፊት ጎማው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመድረስ 15 ምስሎች ከፈጀበት፣ ጊዜው 0.6 ሰከንድ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው። በስህተት 14 ብንቆጥር ግን ወደ 64 ይወጣል። መስመሮቹ በተራራቁ ቁጥር ይህ ስህተት እየቀነሰ ይሄዳል።

ጎማ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስሌቱ የተሠራው ለመንገዱ ወለል ስለሆነ፣ በጎማው ፋንታ ለካሜራው ቀርቦ ምስሉ ላይ ፈጥኖ የሚያልፈውን የሚኒባሱን ጣሪያ የተከተለ ሰው ፍጥነቱን ያጋንናል። ካሜራው 6 ሜትር፣ ጣሪያው 2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆኑ፣ በ60 የሚሄደው ሚኒባስ በ90 የሚከንፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ምስኪን ሾፌር!