ኤፍአርፒ ምንድን ነው? ፎርማት የተደረገ ስልክ ለምን የድሮ ጂሜይል ይጠይቃል?

«ስልክ ፎርማት ወይም ፍላሽ ሲደረግ (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ሲጫን) ጂሜይሉ አብሮ ይጠፋል» እያለ ቲክቶክ ላይ የሚያስተምር ሰው አለ። ወንድሜ፣ እባክህ ተው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ሞባይል እጠግናለሁ። አንተን ሰምተው ፓወርና ቮልዩም ተጭነው ፎርማት አድርገው፣ የልጆቻቸውን ፎቶ አጥተው፣ ስልኩም አልከፈት ያላቸው ሰዎች የሚመጡት እኔ ጋ ነው።

ኤፍአርፒ (ፋክተሪ ሪሴት ፕሮቴክሽን) ጎግል እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር ያመጣው፣ ስልኩ ፎርማት ሲደረግ የቀድሞውን ባለቤት ጂሜይል የሚጠይቅ የሌባ መከላከያ ነው። ስልኩ ላይ ጂሜይልና የስክሪን ቁልፍ ካለ በራሱ ይሠራል። ቫይረስ አይደለም፣ ብልሽትም አይደለም።

በኮንዶሚኒየም ቤት አስቡት። ፎርማት ማለት ዕቃውን አውጥቶ ቤቱን ባዶ ማድረግ ነው። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ግን ካርታው ስም አይዞርም፤ የባለቤቱ መረጃም ከፎቶና ከአፕ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ፎርማቱ አይነካውም። ፒን አስገብታችሁ ከሴቲንግ ሪሴት (ፎርማት) ስታደርጉ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ እንደፈረመ ይቆጠራል፣ የኤፍአርፒ ቁልፉም ይነሳል። ፓወርና ቮልዩም ተጭኖ የሚደረገው ግን በር ሰብሮ ዕቃ እንደማውጣት ነው። ፍላሽም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ቀለም መቀባት ነው፤ ካርታው ያው የቀድሞው ሰው ነው።

መክፈቻው የድሮው ጂሜይል ከነፓስወርዱ ነው። አብዛኞቹ ስልኮች የድሮውን ፒን ወይም ፓተርንም ይቀበላሉ፤ ይሄን ማንም አይነግራችሁም።

የኛ ሰፈር ትልቁ ችግር ጂሜይሉን የከፈተላቸው የሱቁ ልጅ መሆኑ ነው። ብዙ እናቶች አድራሻቸውን እንኳ አያውቁትም። ስልክ ቁጥራችሁ ከአካውንቱ ጋር ከተያያዘ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ሲሙ ቢጠፋም ያንኑ ቁጥር በመታወቂያ አስወጥታችሁ በሌላ ስልክ የጎግል ማስመለሻ ላይ ኮድ ለመቀበል ሞክሩ። ገና ሪሴት ያላደረጋችሁ ደግሞ፣ የጂሜይሉን ፓስወርድ ከቀየራችሁ 24 ሰዓት ሳይሞላ ሪሴት አታድርጉ፤ ጎግልም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

«ባይፓስ (ያለ ጂሜይሉ ማለፊያ መንገድ) አለ» የምትሉኝ፣ አንዳንዱ ስልክ ላይ ነበረ፤ ግን የሴኪዩሪቲ አፕዴት በመጣ ቁጥር ይዘጋል፣ አንድሮይድ 15 ላይ ደግሞ ይበልጥ ጠብቋል። ከየቦታው የሚወርደው የመክፈቻ ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁንም በቫይረስ ሊያስበላ ይችላል። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ስልክማ ጭራሽ አይነካም። የአይፎኑ ቁልፍ ደግሞ ሌላ ነው፤ አፕል ሰርቨር ላይ ስለሚመዘገብ እዚህ ያነሳሁት ሁሉ እዚያም እንዲሁ ይሠራል ብላችሁ አትያዙ።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ጂሜይሉን ያውጣ፣ ከሴቲንግ ሪሴት ያድርግ። ተነስቶ የድሮ አካውንት ሳይጠይቅ መግባቱን አይታችሁ ብሩን ስጡ።