ማው ማው፦ በኬንያ የመሬት አቤቱታ እንዴት ጫካ ገባ

ማው ማው በ1950ዎቹ በኬንያ መካከለኛ ደጋ በብሪታኒያ አገዛዝ ላይ የተነሳ የትጥቅ ዐመፅ ነው (እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የስሙ ምንጭ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተዋጊዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት የመሬትና የነፃነት ጦር እያሉ ነበር። አብዛኞቹ የኪኩዩ ብሔረሰብ ሰዎች ሲሆኑ ጎረቤቶቻቸው ኤምቡና ሜሩም ነበሩበት።

የነገሩ ሥር መሬት ነው። ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1901 ሲያልቅ መንግሥት ወጪውን የሚያካክስ ጭነት ፈለገ፤ ለዚህም አውሮፓውያን ገበሬዎችን ጠራ። የገቡበት ጊዜ ክፉ ነበር። በእኛ አገር ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት እልቂት ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890ዎቹ ኬንያን መትቷታል፤ ፈንጣጣና ረሃብም ተከትለውታል። ናይሮቢ አጠገብ ካለው ከኪያምቡ ደቡባዊ ክፍል ብዙ ሰው ሞቶና ተሰዶ ስለነበር ባለሥልጣናቱ ያዩት ጦም ያደረ መሬት ነው። ለኪኩዩ ግን እያንዳንዱ ቁራጭ አያቱ የታወቀ የዘር ርስት ነበር። በ1902 የወጣው ሕግ ለሰፋሪ የ99 ዓመት ሊዝ ሰጠ፤ በ1915 ደግሞ ወደ 999 ዓመት አሳደገው። አፍሪካዊው በዘውዱ መሬት ላይ በፈቃድ የተቀመጠ ሆኖ ቀረ። «ነጭ ደጋ» የተባለው ክልል ከ7 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነበር። በ1948ቱ ቆጠራ በመላ አገሪቱ የነበሩት አውሮፓውያን ወደ 30,000 ገደማ ሲሆኑ ኪኩዩ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን ያልፍ ነበር።

መሬቱን መያዝ ቀላል ነበር፤ የሚያርሰውን ሰው ማግኘት ነው የከበደው። መፍትሔው ግብር ሆነ። የጎጆና የነፍስ ወከፍ ግብር በገንዘብ ብቻ ስለሚከፈል ገንዘብ የሌለው ሰው ወደ እርሻው ይሄዳል። ብዙ ትርፍ የሚያስገኘውን ቡና እንዳይተክል ደግሞ ተከልክሏል። ከ1920 ገደማ ጀምሮ ጎልማሳ ወንድ ሁሉ «ኪፓንዴ» የተባለ፣ የጣት አሻራና የሥራ ታሪክ ያለበት ወረቀት በቆርቆሮ ማኅደር ከአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር። አሠሪው «ለቋል» ብሎ ካልፈረመለት ሌላ ጋ ሊቀጠር አይችልም፤ ያልያዘው ይታሰራል። ይህ የአንገት ቆርቆሮ ያንገበግባቸው እንደነበር የዘመኑ አቤቱታዎች ይመሰክራሉ።

በሰፋሪ እርሻ ላይ ጭሰኛ የሆነውም አልተመቸውም። በ1918 ሕግ በዓመት 180 ቀን መሥራት ግዴታው ነበር። በኋላ በአንዳንድ ወረዳዎች ወደ 270 ቀን ከፍ አለ፤ ከብቱም እንዲቀንስ ታዘዘ። ያልተስማማው ከነቤተሰቡ ወደ ተጨናነቀው የኪኩዩ ክልል ተባረረ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር፣ ሕዝቡ መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት 30 ዓመት በሰላም መጮሁ ነው። በመጋቢት 1922 የፖለቲካ መሪው ሃሪ ቱኩ ሲታሰር ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ የተሰበሰበው ሕዝብ ተተኮሰበት፤ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ ከ20 ያላነሱ ሞቱ። በ1929 ጆሞ ኬንያታ የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበርን አቤቱታ ይዞ ለንደን ገባ። ለመሬት ጥያቄ የተቋቋመው የካርተር ኮሚሽን በ1934 ሪፖርቱን ሲያወጣ ጥቂት ተጨማሪ መሬት ሰጥቶ የቀረውን የይገባኛል ጥያቄ ዘጋው። ማኅበሩም በ1940 ታገደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬንያውያን ወታደሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ጣሊያንን፣ በርማ ውስጥ ጃፓንን ወጉ። ሲመለሱ ለነጭ ወታደሮች የሰፈራ እርሻ ተዘጋጀላቸው፤ ለእነሱ ግን አልነበረም። በኋላ «ጄኔራል ቻይና» የተባለው ዋሩሂዩ ኢቶቴ ከበርማ ተመላሾች አንዱ ነው።

ቅሬታ ብቻውን ጦር አይሆንም፤ ሰውን የሚያስተሳስር ነገር ያስፈልገዋል። ያ መሐላ ሆነ። የድሮው የማኅበሩ አባል በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው አፈር ይዞ ይምል ነበር። በ1940ዎቹ ኦሌንጉሩኦኔ በተባለ የሰፈራ ቦታ የሰፈሩና እንደገና ሊነቀሉ የተፈረደባቸው ተፈናቃዮች ሴቱንም ሕፃኑንም ጨምረው ማሉ፤ ይህ አዲስ ነገር ነበር፣ ምክንያቱም በባህሉ መሐላ የጎልማሳ ወንዶች ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ ከዚያ ወደ ናይሮቢ ገባና በሠራተኛ ማኅበር ሰዎችና በሥራ አጥ ወጣቶች እጅ ተስፋፋ። የሚምለው ሰው ሌሊት ከሙዝ ግንድ በተሠራ ቅስት ሥር ያልፋል፤ ከፍየል ሥጋና ደም ይቀምሳል፤ ምሥጢር እንደማያወጣና መሬት እንደማይሸጥ ይምላል። ክፍያው 60 ሽልንግ ገደማ ነበር፤ ለእርሻ ሠራተኛ ከወር ደሞዝ ይበልጣል። ለተዋጊዎች «ባቱኒ» የተባለ ሁለተኛ መሐላ ነበር፤ ቃሉ ከእንግሊዝ ጦር «ፕላቱን» የተወሰደ ነው።

የእንቅስቃሴው ትልቁ ድክመትም ከዚሁ መሐላ ይመነጫል። ተገዶ የማለ ሰው በማግስቱ ለፖሊስ ይናገራል። የፍየሉና የአፈሩ ሥርዓት የኪኩዩ ስለሆነም ሉኦው፣ ሉህያው፣ የባሕር ዳርቻው ሕዝብ በብዛት ከውጭ ቀረ።

ጥቅምት 7 ቀን 1952 የመንግሥት ደጋፊ የነበሩት ትልቁ ሹም ዋሩሂዩ ዋ ኩንጉ ተገደሉ። በዚያው ወር በ20 ገዥው ኤቭሊን ባሪንግ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀ፤ በዚያው ሌሊትም ኬንያታና ብዙ ፖለቲከኞች ተያዙ። ዐዋጁ ጦርነቱን አስቀራለሁ ሲል ጀመረው ማለት ይቻላል። አመዛዛኞቹ መሪዎች ታሰሩ፤ ከነጭ እርሻዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጭሰኞች ተባረሩ፤ ወጣቱ መሬትም ሥራም አልነበረውምና ወደ አበርዴርና ወደ ኬንያ ተራራ ጫካ ገባ። ሲገባ የተዘጋጀ የጦር ዕቅድ አልነበረም።

ትጥቁ ገጀራ፣ ጎራዴና በእጅ የተሠራ ጠመንጃ ነው። አፈሙዙ የውኃ ቧንቧ፣ መዝጊያው የበር መቀርቀሪያ፣ መምቻው በላስቲክ ወይም በሞላ የሚወነጨፍ ሚስማር ነበር። ቧንቧው ለጥይቱ ልክ ስላልሆነ አንዳንዴ በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳ ነበር። ጥይት፣ መድኃኒትና ስንቅ በአብዛኛው የሚያደርሱት ሴቶች ናቸው።

መጋቢት 26 ቀን 1953 ሌሊት ሁለት ነገር ሆነ። ናይቫሻ ላይ ተዋጊዎች ፖሊስ ጣቢያ ሰብረው መሣሪያ ወሰዱ፤ ከ170 በላይ እስረኞችም ፈቱ። ላሪ ላይ ደግሞ የመንግሥት ደጋፊዎች ቤተሰቦች ከነቤታቸው ተቃጠሉ፤ ከ70 በላይ ሰዎች፣ በብዛት ሴቶችና ሕፃናት፣ ሞቱ። በበቀል የተገደሉትም ብዙ ናቸው። ላሪ የተመረጠው በአጋጣሚ አይደለም፦ ሹሙ ሉካ ወገኖቹን ይዞ የቲጎኒን ርስት ለነጮች ለቆ በምትኩ የሌሎችን መሬት የያዘው እዚያ ነበር። ጦርነቱ ከብሪታኒያ ጋር ብቻ ሳይሆን በኪኩዩ መካከልም የነበረው ለዚህ ነው።

ብሪታኒያ ያሸነፈችው በጫካ ውጊያ ብቻ አይደለም፤ ስንቁን በመቁረጥ ጭምር ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1954 ናይሮቢ ተከባ በአስር ሺዎች ታፈሱ። ከዚያ በዓመት ተኩል ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከ800 በሚበልጡ አጥር ያላቸው መንደሮች ታጎሩ፤ በኬንያ ተራራ ሥርም 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቦይ በግዳጅ ጉልበት ተቆፈረ። የጫካው ተዋጊዎች መሪ ደዳን ኪማቲ ጥቅምት 1956 ቆስሎ ተያዘ፤ የካቲት 18 ቀን 1957 ተሰቀለ። በዐዋጁ ዘመን በስቅላት የተቀጡት 1,090 ናቸው። የተገደሉት ነጭ ሲቪሎች 32 ሲሆኑ፣ በመንግሥት አኀዝ የሞቱት ዐማፅያን ከ11,000 ይበልጣሉ። መጋቢት 1959 ሆላ ካምፕ ውስጥ 11 እስረኞች ተደብድበው መሞታቸው ለንደን ላይ ቅሌት ሆነ፤ ዐዋጁ በጥር 1960 ተነሳ። በ2013 ብሪታኒያ ለ5,228 ተበዳዮች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ለመክፈል ተስማማች።

ከ1954 ጀምሮ የተበጣጠሰው የኪኩዩ መሬት እየተጠቃለለ በስም ተመዘገበ፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ተዋጊ በእስር ላይ ነበር። የምዝገባው ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጡት የመንግሥት ደጋፊዎች ነበሩ። ከ1963ቱ ነፃነት ዋዜማ ጀምሮ ከነጮች የተገዛው መሬትም የተከፋፈለው በነፃ ሳይሆን በብድር ነው፤ ከጫካና ከካምፕ የወጣው ብዙ ሰው ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም።