ባዶ ግድግዳ ሰበብ አይሆንም

ሥራዬ የድምፅ መሣሪያ መትከል ስለሆነ ሰዎች ለሳሎናቸው ስፒከር ሲመርጡ ያማክሩኛል። አብዛኞቹ የሚጠብቁት ግን ምክር ሳይሆን አስቀድመው የወሰኑትን እንዳጸድቅላቸው ነው። ከሚሉኝ ውስጥ ቀላል ቀላሉን ላስቀድም።

«ዋቱ ሲበዛ ድምፁ ያምራል።» ዋት ስለ ማማር ምንም አይናገርም። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን የሚገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ ፒኤምፒኦ (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባል ከፍተኛ ኃይል) ተብሎ በሺህ የሚቆጠረውን ቁጥር ጭራሽ አታንብቡት።

«ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ብለጥፍስ?» ቀጭኑን ድምፅ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቤዙን አይነካውም፤ እሳት ግን ቶሎ ይይዛል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ቤቴ ሴራሚክና ሲሚንቶ ነው፤ ስቱዲዮ አይደለም፤ ስለዚህ የትኛውንም ብገዛ ያው ነው።» ይህንን በሙሉ ልብ የሚነግሩኝ ደግሞ ገንዘብ ያላቸውና ያነበቡ ሰዎች ናቸው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ወደ ጎን የወጣውን ድምፅ ስፖንጁና ሱፉ ይውጡታል። በእናንተ ሳሎን ግን ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉና የቡፌው መስታወት እየመለሱ ይልኩላችኋል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የተመለሰው የሚደርሰው በጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ጆሮም ከመጀመሪያው ጋር አዋህዶ ይሰማዋል። ስለዚህ ስፒከሩ ወደ ጎን የሚለቀው ድምፅ ከፊቱ ድምፅ ጋር ካልተመሳሰለ ጉድለቱን የሚያሳብቀው ያ ባዶ ግድግዳ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ለኮንዶሚኒየም ሳሎኑ ለሠርግ የሚከራየውን ዓይነት ትልቅ ሞንታርቦ ገዛ። ዜና አንባቢው የሚለው አይለይም ብሎ ጠራኝ፤ ጥፋቱንም በቤቱ ሠሪ ላይ ጫነ። የልጁን ትንንሽ የመደርደሪያ ስፒከሮች ከመኝታ ቤት አስመጥቼ እዚያው ቦታ ላይ አቆምኳቸው። ንግግሩ ቃል በቃል ተሰማ። ግድግዳው ያው ነው፣ ሴራሚኩም ያው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ 12 ኢንች የሆነ የቤዝ ስፒከር ከ1,000 ኸርዝ (በሰከንድ 1,000 ንዝረት) ወዲያ ድምፁን እያጠበበ ወደ ፊት ብቻ ይወረውራል፤ ከእሱ የምትረከበው ትንሿ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው) ግን መገደቢያ ካልተሠራላት በየአቅጣጫው ትረጫለች። ርክክቡ የሚበላሸው ተነባቢዎች በሚለዩበት የድምፅ ክልል ላይ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አድማጮች ስፒከሩን ሳያዩ እንዲፈርዱ ባደረጉባቸው ሙከራዎች ተመራጭ የሆኑት የፊት ድምፃቸው ያልተዛነፈ፣ የጎናቸውም ያንኑ የሚከተል ስፒከሮች ነበሩ።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ የሚታወቅ ሰው ንግግር አስከፍቱ፤ ከዚያ ከስፒከሩ ፊት ተነሥታችሁ ወደ ጎን ተራመዱ። ድምፁ ቀስ በቀስ ቢደበዝዝ ደግ ነው። ሰውየው ሌላ ሰው ከመሰለ ተዉት። ትዊተሩ ጎድጎድ ባለ ቀንድ መሰል ማቀፊያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ወይም በትልቁ ስፒከር መሐል የተተከለ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ ቢሆንም መራመዱን አታስቀሩ።

ቤዝ ላይ ግን ቤቱ ጌታ ነው፤ ይህን አልክድም። ከ200 ወይም 300 ኸርዝ በታች የሚወስነው ከዋጋው ይልቅ ቦታው ነው። በ4 ሜትር ልዩነት ፊት ለፊት የቆሙ ግድግዳዎች 43 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባሉ። ስፒከሩን ጥግ ብትወትፉት ቤዙ ይጨምራል፤ ያጉረመርማልም። ከኋላው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ብታርቁት ደግሞ 86 ኸርዝ አካባቢ ይጎድላል። እያንቀሳቀሳችሁ ሞክሩ። ሶፋውን ከግድግዳው ትንሽ አላቁት፣ ወደ ስፒከሮቹም ቀረብ በሉ፣ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ቡፌ ውስጥ ደግሞ አትክተቷቸው፤ ይህንን ስንት ቤት ተናግሬ ሰሚ አጥቻለሁ።

«ኢኳላይዘር ያስተካክለዋል።» ኢኳላይዘር ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ ነው፤ ያበጠ ቤዝ ይቀንሳል። የፊቱንና የጎኑን ድምፅ ለያይቶ ማረም ግን አይችልም፤ አንዱን ሲነካ ሌላውንም ይነካዋል።

«ሱቅ ውስጥ ሳወዳድር ይህኛው በለጠ።» የበለጠው ጮክ ብሎ የተከፈተው ሊሆን ይችላል። የሁለቱንም መጠን አስተካክላችሁ ስሙ፤ ከተቻለ ቤት ወስዶ መሞከርንና መመለስን ከሻጩ ጋር ተስማሙ። እምቢ ካለ መርካቶ ሰፊ ነው።