«ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ሲል ምን ማለቱ ነው?

አሮጌው ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ብሎ ኤፍ1 ተጫኑ ይላችኋል? አትደንግጡ። ይህ መልእክት ፋይሎቻችሁ ጠፍተዋል ማለት አይደለም።

ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ምርጫዎችን የምትይዝ ትንሽ ሚሞሪ አለች። ሲሞስ የምትባለው እሷ ናት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል እሷንም ሰዓቱንም የምታቆየው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። ቼክሰም ደግሞ የማረጋገጫ ድምር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተቀመጡትን ቁጥሮች ደምሮ ቀድሞ ከተመዘገበው ድምር ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ መልእክቱ ይመጣል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪዋ ነው። ቀኑም ዓመታት ወደ ኋላ ከተመለሰ በእሷ ጠርጥሩ። በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ድረ ገጾች አንከፈትም የሚሉት በዚሁ በተሳሳተ ቀን ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ኤፍ1 መጫን መልእክቱን ያሳልፋል እንጂ ችግሩን አይፈታም። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉና ባትሪዋን ቀይሩ። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 3 ቮልቷ ሲአር2032 ናት፤ ግን የድሮዋ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የወጣችውን ከሕፃናት አርቁ፣ ከተዋጠች በጣም አደገኛ ናት። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን አስተካክሉ፤ ሴቭ ማድረግ እንዳትረሱ። በአዲስ ባትሪም ከቀጠለ ማዘርቦርዱን ባለሙያ ይየው።