ከማህፀን ውጭ እርግዝና፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ሁለት መስመር ካሳየ በቃ፣ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ነው»

አይደለም። የሽንት ምርመራው ማርገዝሽን እንጂ ጽንሱ የት እንዳረፈ አይነግርሽም። ከመቶ እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የማህፀን ቱቦ ውስጥ ናቸው። ቱቦው ቀጭን ነው፣ እንደ ማህፀን አይለጠጥም። ቦታውን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። ገና ሳምንታት ብቻ ከሆነው ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ «ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሺ፣ ደምሽን ደግመን እንየው» ከተባልሽ እባክሽ አትቅሪ።

«ደም አየሁ፣ ፔሬዴ መጣ»

ፔሬድሽ ዘግይቶ ጠብ ጠብ ካለና በአንድ በኩል ከእምብርትሽ በታች ከወጋሽ፣ መጀመሪያ እርግዝና ተመርመሪ።

«ትከሻዬን ብርድ መታኝ»

በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ቱቦው ሲፈነዳ ሆድ ውስጥ የሚፈሰው ደም በሆድና በደረት መካከል ያለውን ጡንቻ ይነካዋል፣ ሕመሙ ግን የሚሰማው ትከሻ ጫፍ ላይ ነው፤ እሷ ጋቢ ደርባ ትከሻዋን በቅባት እየታሸች ሳለ ደሟ ውስጥ ለውስጥ እያለቀ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ውጭ የሚታየው ግን ጥቂት ነው። የትከሻው ሕመም ከሆድ ቁርጠት፣ ከላብ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ማሸቱም ዳማከሴውም ይቅር። ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሂጂ፣ ብቻሽን ግን አትሂጂ።

«ሉፕ አለኝ፣ እኔን አይነካኝም»

ሉፕ እርግዝናን በደንብ ይከላከላል። ከነሉፑ ካረገዝሽ ግን ከማህፀን ውጭ የመሆኑ ዕድል ከፍ ስለሚል ቶሎ ታዪ።

«ከባድ ዕቃ አንስታ ነው»

እባካችሁ አትውቀሷት። ያልታከመ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ቱቦውን ይጎዳል፤ ሲጋራና ቀደም ሲል ቱቦው ላይ የተሠራ ቀዶ ሕክምናም ያጋልጣሉ። ግማሽ ያህሎቹ ግን ምንም የሚታወቅ ምክንያት የላቸውም።

«ጽንሱን ወደ ማህፀን ያዛውሩት»

እንዲህ ያለ ሕክምና የለም። ቶሎ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሴት በሚባል መርፌ ሊታከም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ማርገዝ የለባትም። ከፈነዳ ግን ኦፕራሲዮን ነው።

«አንድ ቱቦዋ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ አትወልድም»

ብዙዎች በቀረው ቱቦ አርግዘው ወልደዋል። ከአሥሩ አንዷን ያህል እንደገና ሊገጥማት ስለሚችል ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፔሬድሽ እንደቀረ ጤና ጣቢያ ሂጂና «በፊት ከማህፀን ውጭ አርግዤ ነበር» ብለሽ ተናገሪ።