ቡና ያለ መብራት፦ ከጥሬው አቀማመጥ እስከ ጀበናው

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚቆመው የካፌው ማኪያቶ ነው። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ መፍጫውም እንደዚያው። በረንዳ ላይ ጀበና ጥዳ የተቀመጠችው ሴት ግን ሥራዋን ትቀጥላለች። ጥሬ ቡና፣ ከሰል፣ ውኃ፣ ሙቀጫና ጀበና ይበቋታል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲሆን ብዙ ሥራ ተስተጓጉሏል። የጀበና ቡና ግን ፈረቃ አልነበረውም።

ለክፉ ቀን ቡና ማስቀመጥና ያለ ኤሌክትሪክ ማፍላት በብዙ አገር እንደ ልዩ ዝግጅት ይታያል። በእኛ ዘንድ የዘወትር ኑሮ ነው። ከገጠሩ ሕዝብ ብዙው ዛሬም የሚኖረው ከዋናው የመብራት መስመር ውጭ ነው፤ ቡናውን ግን አያጣም። ስለዚህ ውድ ዕቃ ከመግዛት በፊት የእናቶቻችንን አሠራር ልብ ብሎ ማየት ያዋጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው።

ለምን ጥሬውን?

ጥሬ ቡና ጠንካራ ዘር ነው። መዓዛው የሚወጣው ሲቆላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካገኘ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ጣዕሙን ብዙም ሳያጎድል ይቆያል። ከዚያም በኋላ ሻጋታ ካልነካው ለዓመታት ይጠጣል። ጣዕሙ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ አይጣልም።

የተቆላው ግን ቶሎ ይደክማል። ሲቆላ ፍሬው ይነፋል፣ ውስጡ ይላላል፣ ቅባቱም ወደ ውጭ መውጣት ይጀምራል። አየር ሲያገኘው መዓዛው ይሸሻል። ያልተፈጨ የተቆላ ቡና ምርጥ ሆኖ የሚቆየው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። የተፈጨው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጣዕሙ ይወርዳል፤ ሲፈጭ አየር የሚነካው ገጽ እጅግ ይበዛልና። ፋብሪካ ውስጥ አየሩ ተስቦ የታሸገ ቡና ለወራት ይቆያል። አንዴ ከተቀደደ ግን ከሌላው አይለይም።

እንግዲህ ለክፉ ቀን ብሎ ብዙ ኪሎ የተፈጨ ቡና ገዝቶ መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው። መቀመጥ ያለበት ጥሬው ነው።

ከጥሬውም የበለጠ ዕድሜ ያለው ጀንፈል ነው፤ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና። ቀዩ እሸት ተለቅሞ ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። እንደ አየሩ ሁኔታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እየተገላበጠ ይደርቃል። ገለባው ፍሬውን ከእርጥበትም ከሽታም ይከልለዋል። በጅማም ሆነ በወለጋ ገበሬው ሁሉንም ምርት በአንድ ጊዜ አይሸጥም። የተወሰነውን በጀንፈል ያስቀምጣል፤ የትምህርት ቤት ወጪ ወይም ሕመም ሲመጣ ያንን ያወጣል። ጀንፈል ለገበሬው ባንኩ ነው።

ቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጥ?

ዋናው ነገር እርጥበት ነው። በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። ከ13 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ይጀምራል፣ ነቀዝም ይመቸዋል። ሻጋታ ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ሲቆላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሻገተ ቡና አሳዝኖን እንኳ ቢሆን መጣል አለበት።

መለኪያ መሣሪያ በየቤቱ የለም። የቆየው ዘዴ ጥርስ ነው። ፍሬውን ነከስ ሲያደርጉት የጥርስ ምልክት ከተቀበለ ገና እርጥብ ነው። እምቢ ብሎ ቀጭ ካለ ደርቋል። ቀለምም ይናገራል፦ ደህናው አረንጓዴ ወይም ግራጫ የሚመስል አረንጓዴ ነው። እየነጣ የሄደ ቡና ወይ አርጅቷል ወይ እርጥበት ነክቶታል።

ቡና ከአካባቢው ሽታ ይስባል። ከበርበሬ፣ ከሳሙና፣ ከሁሉም በላይ ከላምባ ጋር አንድ ጓዳ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ላምባ የሸተተው ቡና ምንም ቢያጥቡት አይመለስም። ጆንያው መሬት ላይ ከሆነ ከሥር እርጥበት ይወጣበታል፤ ግድግዳ ከተጠጋም ያልበዋል። እንጨት ረብርቦ ከፍ ማድረግና ከግድግዳ ፈንጠር ማድረግ ይበቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ አንዴ አውጥቶ መፈተሽ፣ ጠጠርና የተበላ ፍሬ መልቀም ጥሩ ነው።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ አየር የማያስገባ ዕቃ ይሻላል። ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ፣ የታጠበና በደንብ የደረቀ ጀሪካን፣ ወይም አሁን ለእህል የተለመደው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያገለግላል። ከረጢቱ ሁለት የፕላስቲክ ገበርና አንድ የተሸመነ ውጫዊ ጆንያ አለው። አየሩ ሲያልቅ ነቀዙ ይሞታል። ግን ቡናው ሳይደርቅ ከታሸገ ራሱን በራሱ ያሻግታል። እርጥብ ቡና እስኪደርቅ ድረስ አየር በሚያስገባ ጆንያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ስንት ይበቃል? በቀን አንድ ጀበና የሚያፈላ ቤት 50 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ቢያወጣ ለወር 1 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ለሦስት ወር 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳልና ሒሳቡ በጥሬው ይሁን። ለቀማው ከሞላ ጎደል ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ፣ የሚቀመጥ ቡና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቢገዛ ትኩስ ምርት ይገኛል። እየጠጡ መተካት ነው፦ የቆየው ቀድሞ ይውጣ፣ አዲሱ ከኋላ ይግባ።

አቆላልና አፈላል

ቡናው ይታጠባል፣ ምጣድ ላይ ይደረጋል፣ ሳያቋርጡ ያማስሉታል። መጀመሪያ ውኃው ይተናል፣ ከዚያ ይቢጫል፣ ከዚያ ይቡናል። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ መንጣጣት ይጀምራል። ወዝ ማውጣት ሲጀምር ማውረድ ነው። ዛሬ የምትጠጡትን ያህል ብቻ ቁሉ። ያለ መብራት በሚኖርበት ቤት ይህ ልማድ የወግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቡናን ትኩስ ለማግኘት የተሻለ መንገድ የለም።

ሙቀጫና ዘነዘና ኤሌክትሪክ አይጠይቁም፣ አይበላሹም፣ ለልጅ ልጅ ይተላለፋሉ። ጀበና ግን ይሰበራል። ስለዚህ አንድ መለዋወጫ ጀበና ቢኖር ጥሩ ነው፤ እሱም ቀድሞ ተሟሽቶ ቢቀመጥ። ያልተሟሸ ጀበና በችግር ቀን ቢያንጠባጥብ ወይም አፈር አፈር የሚል ቡና ቢሰጥ ምን ያደርጋል? ጀበና ከጠፋም ማንቆርቆሪያ ይሠራል። ቡናው ከፈላ በኋላ አውርዶ ማስከን ነው፤ አተላው ከታች ይቀመጣል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንለው ሥርዓት ለእጥረት ጊዜ የተሠራ ይመስላል። አንዴ የተቆላና የተወቀጠ ቡና ሦስት ጊዜ ያጠጣል። ከሰሉም አንድ ነው፦ የቆላው እሳት ያፈላል፣ የተረፈው ፍም በረካውን ያደርሳል። ስኳር ከጠፋ ጨው አለ፤ በብዙ የገጠር ቤት ስኳር ሳይለመድ በፊት የነበረው እሱ ነው።

የፀሐይ መብራት ያላቸው ቤቶች አንዳንዴ የኤሌክትሪክ ማፍያ ሊሰኩበት ያስባሉ። አይሆንም። አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት ወደ 0.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ማፍያው ደግሞ ከ1,500 ዋት በላይ በአንዴ ይስባል። ስልክ ለመሙላትና አምፖል ለማብራት የተገዛው ትንሽ ባትሪ ይህን አይችልም። ለማፍላት እሳት ይሻላል። ከሰል የሚቆጥቡ እንደ ላቀች ያሉ ምድጃዎች በዚህ ረገድ ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ከሰሉ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በር ዘግቶ ከሰል ያነደደ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ላይነቃ ይችላል። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ስላለቀ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ጋዙ ከቀላው ፍምም ይወጣል። ቡናው ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ። ዝናብ ከሆነ ደግሞ በርና መስኮት ወለል ብሎ ይከፈት። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብሎ መኝታ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ አይገባም።

ውጭ አገር ያለን ሰዎች ይህን በተለይ ልብ ልንል ይገባል። ቤቶቹ ብርድ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አየርም አያስወጡም። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ በከባድ ብርድ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ቤቶች መብራት አጡ። ለመሞቅ ሲሉ በዚህ ጋዝ ከሞቱት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። የከሰል ምድጃ አፓርታማ ውስጥ አይግባ። ትንሽ የጋዝ ምድጃም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ ነው።

ውኃው

ቧንቧ ሲቋረጥና ውኃው ሲያጠራጥር የፈላ ቡና ከጥሬ ውኃ ይሻላል። ጀርም የሚገድለው መፍላቱ ነው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውኃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲፈላ ይመከራል፤ ዝቅ ባለ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ደሴ ከ2,000 በላይ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለቡና ይህ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ተስማሚ ሙቀት ነው።

ማፍላት የማይፈታው ነገርም አለ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። እሱ በመፍላት አይወጣም፤ ውኃው በተነነ ቁጥር ይከማቻል።

እሳት ከሌለ

የተወቀጠ ቡና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢዘፈዘፍ ያለ እሳት ይወጣል። አንድ እጅ ቡና ለስምንት እጅ ውኃ ይሆናል። በሻሽ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ግን ስላልፈላ ውኃው ከመጀመሪያው ንጹሕ መሆን አለበት። ፍሪጅም ከሌለ በዕለቱ ይጠጣ።

ፈጣን ቡናም አለ። ኔስካፌ በ1938 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወታደር ስንቅ ሆኗል። ሳይከፈት ለዓመታት ይቆያል፤ ከተከፈተ እርጥበት ስቦ ይጋገራል። ለጉዞ ቦርሳ ጥሩ ነው። ከጀበና ጋር ግን አላወዳድረውም።

ቡናው ራሱ ሲጠፋ

ሐራራ ቀልድ አይደለም። የለመደ ሰው ቡና ካጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሥራ ይከብደዋል። ይህ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ክምችቱ እያነሰ ከሆነ ድንገት ከማቆም በየቀኑ መቀነስ ይሻላል።

ገብስ ቆልቶ ከቡና ጋር መውቀጥ የቆየ መላ ነው። ጀርመኖችም ሞክረውታል። በ1977 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ጀርመን የቡና ዋጋ ሲንር መንግሥት ግማሹ ቡና፣ ግማሹ እህልና ሥራ ሥር የሆነ ድብልቅ አወጣ፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ከደርግ ጋር ተዋውለው መሣሪያና ማሽን ሰጥተው የእኛን ቡና ወሰዱ። አሜሪካም ከኅዳር 1942 እስከ ሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ቡናን በራሽን አድርጋ ነበር፦ ከ15 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በአምስት ሳምንት 450 ግራም ገደማ።

ገብስ ቀለሙንና ምሬቱን እንጂ ካፌይኑን አይተካም። ስለዚህ ራስ ምታቱን አያስታግስም። ከዚህ አንጻር የሐረርና የደቡብ ዘዴ ይበልጣል። ሐረር ላይ የቡናው ገለባ አሸር ተብሎ ይፈላል፤ ቅጠሉም ተቆልቶ ቁጢ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ከወተት ጋር። በወላይታ፣ በጋሞና በአካባቢው የቡና ቅጠል ከቅመማ ቅመም ጋር ይፈላል። ገለባውም ቅጠሉም ካፌይን አላቸው። ጓሮው ውስጥ ጥቂት እግር ቡና ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሐራራውን ያስታግሳል።

ለመንገድ ደግሞ የሚበላ ቡና አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ኦሮሞዎች ለረጅም ዘመቻ ቡና ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው፣ እንደ ኳስ አድበልብለው በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደነበር ጽፏል። አንዷ ድብልብል ለቀን ጉልበት ትበቃ ነበር፤ ከዳቦም ከሥጋም ትሻላለች ይሉ ነበር ይላል። እሳት የለ፣ ውኃ የለ፣ ጀበና የለ። ከዚሁ የሚቀራረበው ቡና ቀላ ዛሬም በጉጂና በቦረና አለ፦ ጀንፈሉ ከነገለባው በቅቤ ይጠበሳል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ፍሬው እየታኘከ ይበላል፣ ቅቤውም ይጠጣል፣ ሰውነትም ይቀባበታል።